መሪ ይዘን እንዳንጣላ፦ ከሌላ አሽከርካሪ ጋር የመግባቢያና ንዴትን የማብረጃ መመሪያ

ሁለት እግረኞች በር ላይ ቢጋጩ ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል። «ይቅርታ» ይባባላሉ፣ አንዱ ለሌላው ያሳልፋል፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። እነዚሁ ሰዎች መኪና ውስጥ ሆነው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ ግን ክላክስ ይነፋል፣ መስኮት ይወርዳል፣ ስድብ ይወጣል። ሰዎቹ ያው ናቸው። መነጋገሪያ ግን አጡ።

መኪና የሚናገረው በጣም ጥቂት ነገር ነው። ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የፊት መብራት፣ ክላክስ፣ ፍጥነት፣ መንገዱ ላይ የያዘው ቦታ። በቃ። በእነዚህ «ልታጠፍ ነው» ማለት ይቻላል። «የታመመ ሰው ይዣለሁ» ማለት አይቻልም። «አላየሁህም፣ ይቅር በለኝ» ማለትም ያስቸግራል። የጎደለውን እኛው ከራሳችን እንሞላዋለን። ብዙ ጊዜ የምንሞላው ደግሞ በክፉው ነው፤ «ሆን ብሎ ነው»፣ «ንቆኝ ነው»።

እኔ የመንገድ ጠብ አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ካልተሰጠ፣ ዘግይቶ ከተሰጠ ወይም በተሳሳተ ትርጉም ከተወሰደ ምልክት። ክፉ አሽከርካሪ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። ግን ስንናደድ የሚመስለንን ያህል ብዙ አይደለም።

ንዴቱ ራሱ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ3,500 በላይ አሽከርካሪዎችን መኪናቸው ውስጥ ካሜራና መቅጃ ገጥሞ በዕለት ተዕለት ጉዟቸው ተከታትሎ ነበር። በግልጽ ተናዶ፣ አዝኖ ወይም እያለቀሰ የሚነዳ ሰው የመጋጨት ዕድሉ ወደ 10 እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ። ስለዚህ ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይም ነው። ከታች ያሉትን ደረጃዎች ሞተር ከማስነሳት በፊት ካለው ሰዓት ጀምሬ እስከ ከባዱ ሁኔታ ድረስ በቅደም ተከተል አስቀምጫቸዋለሁ።

1. ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ሰዓታችሁንና ራሳችሁን አዘጋጁ

የዘገየ ሰው ከፊቱ ያለ መኪና ሁሉ ሆን ብሎ የሚያስቆመው ይመስለዋል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ካሰባችሁት 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ውጡ።

ቀድማችሁ መውጣት ካልቻላችሁ ደግሞ ይህን ሒሳብ ያዙ። 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 10 ደቂቃ ይፈጃል። በ70 ብትነዱ 8 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ይሆናል። ያተረፋችሁት አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ያውም መንገዱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ከሆነ ነው። አንድ ቀይ መብራት ይህን ሁሉ ይበላዋል። ከረፈደባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉና «እዘገያለሁ» በሉ። ያን ካላችሁ በኋላ የሚያጣድፋችሁ ነገር ግማሹ ይቀላል።

ሙቀትን አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ፊኒክስ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ አረንጓዴ በርቶ የማይንቀሳቀስ መኪና ከፊት አቆሙ። ከዚያ ከኋላ ያለው ሰው ክላክስ የሚያደርግበትን መጠን መዘገቡ። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ክላክሱም ጨመረ። በተለይ መስኮት ከፍተው በሚነዱት፣ ማለትም ማቀዝቀዣ በሌላቸው ላይ። መቼም ሙቀቱን ያመጣው የቆመው መኪና አልነበረም። ውሃ ይዛችሁ ግቡ፣ አየር እንዲገባ አድርጉ፣ ርቧችሁ ከሆነ ትንሽ ነገር ቅመሱ። እንቅልፍ ያጣ ሰውም ቶሎ ይናደዳል።

ከሰው ጋር ተጨቃጭቃችሁ ከወጣችሁ ቁልፉን ሳታዞሩ ጥቂት ደቂቃ ተቀመጡ። ጭቅጭቁን በስልክ እየቀጠላችሁ አትንዱ። በእጅ የማይያዝ ስልክ ቢሆንም ልባችሁ እዚያው ነው ያለው።

2. ምልክት ቀድሞ ይሰጥ

ፍሬቻ የሚያገለግለው ልታደርጉ ያሰባችሁትን ለመንገር ነው። መሪውን ማዞር ከጀመራችሁ በኋላ የሚበራ ፍሬቻ ሌላው ሰው ያየውን ነገር መልሶ ከመንገር በቀር ጥቅም የለውም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ መስታወትና ስፖኪዮ ማየት፣ ቀጥሎ ፍሬቻ ማብራት፣ ትንሽ መጠበቅ፣ እንደገና ማየት፣ ከዚያ መግባት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳላችሁ። ሦስት ሰከንድ ቀድሞ የበራ ፍሬቻ ለኋላው ሰው 50 ሜትር ያህል ማሰቢያ ይሰጠዋል። ያ ሰው ፍሬኑን በቀስታ ይረግጣል። ምልክት ሳይሰጠው ከገባችሁበት ግን በድንጋጤ ይረግጣል፣ ድንጋጤው ደግሞ ወዲያው ወደ ንዴት ይለወጣል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ፍሬቻ ማብራት ፈቃድ አያሰጥም፤ ቅድሚያው የሌላው ከሆነ በርቶም መጠበቅ ግድ ነው። ሌላው፣ ከታጠፋችሁ በኋላ መጥፋቱን አረጋግጡ። ሳይጠፋ የቀረ ፍሬቻ ውሸት ይናገራል። «ሊታጠፍ ነው» ብሎ አምኖ የወጣ ሰው ሊገጫችሁ ይችላል።

የፍሬን መብራት። ልትቆሙ ስትቃረቡ ፍሬኑን ቀድማችሁ ነካ አድርጉት። ኋላ ያለው ሰው መብራቱን አይቶ ይዘጋጃል። የዚህን ጥቅም የሚያሳይ ደስ የሚል ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ውስጥ አንድ ተመራማሪ ታክሲዎች ላይ ከኋላ መሀል አንድ ተጨማሪ የፍሬን መብራት ገጠመ። ከኋላ የመገጨት አደጋቸው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። አሜሪካ ይህን ሦስተኛ መብራት ከ1986 ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ አደረገችው። ሁሉም መኪና ሲኖረው ጥቅሙ የመጀመሪያውን ያህል ባይሰፋም መብራቱ ዛሬ በየመኪናው ኋላ አለ። አንድ ተጨማሪ ምልክት ብቻ ነበር። ስለዚህ የራሳችሁ የፍሬንና የፍሬቻ አምፖሎች መሥራታቸውን አልፎ አልፎ ሰው ኋላ አቁማችሁ አረጋግጡ። አምፖሉ የተቃጠለበት አሽከርካሪ ምልክት የሰጠ እየመሰለው ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

ክላክስ። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የክላክስን ሥራ በሁለት ነገር ይወስነዋል። አንደኛው አደጋን ለመከላከል ማስጠንቀቅ ነው። ሁለተኛው ከከተማና ከመንደር ውጭ ልትቀድሙት ያሰባችሁትን አሽከርካሪ ማሳወቅ ነው። ድምፁም ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይረዝም ይላል። ለቁጣ፣ ለስድብ፣ «ምን ይገትርሃል» ለማለት የተሰጠ ቦታ የለም።

የክላክስ ችግሩ ለማን እንደተነፋ አለማስታወቁ ነው። አንዱን ልታስጠነቅቁ ስትነፉ ዙሪያችሁ ያሉት ሁሉ ለእነሱ የተነፋ ይመስላቸዋል። ርዝመቱም መልእክቱን ይለውጠዋል። አጭር አንድ ጊዜ «እዚህ አለሁ» ነው። ረጅሙ ስድብ ሆኖ ይሰማል፣ እናንተ ያንን ባታስቡም። አረንጓዴ በርቶ ከፊት ያለው ሰው ካልተንቀሳቀሰ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁት፣ ካስፈለገ አንዴ አጭር አድርጉለት። የሚሻገር እግረኛ ይዞት ይሆናል፤ እናንተ ካላችሁበት አይታይም።

የፊት መብራት ብልጭ ማድረግ። በእኔ አስተያየት ከምልክቶች ሁሉ የከፋ አለመግባባት የሚፈጥረው ይህ ነው። አንዱ «እለፍ፣ ለቅቄልሃለሁ» ሊል ያበራል። ሌላው በዚያው መብራት «እንዳትገባ፣ እኔ እያለፍኩ ነው» ሊል ነው። ሁለት ተቃራኒ መልእክት በአንድ መብራት። የእንግሊዝ የመንጃ መመሪያ ብልጭታን «እዚህ አለሁ» ለማለት ብቻ ተጠቀሙበት ይላል፤ የሌላውን ብልጭታ እንደ ፈቃድ ቆጥራችሁ አትለፉ ብሎም ያስጠነቅቃል። ይህን ደንብ ያዙት። ብልጭ ያደረገላችሁ ሰው ፍጥነቱን መቀነሱን ወይም መቆሙን በዓይናችሁ ሳታዩ አትግቡ። እናንተም መንገድ ስትለቁ ቁሙ፣ መቆማችሁ በደንብ ይናገራል።

ሌሊት ረጅም መብራት ያላወረደ ሰው ሲመጣባችሁ በረጅም መመለስ የብዙዎቻችን ፈተና ነው። አንዴ ብልጭ አድርጉለት። ካላወረደ ፍጥነት ቀንሱና ዓይናችሁን ወደ መንገዱ ዳር መስመር መልሱ። ሁለታችሁም ታውራችሁ ከምትተላለፉ አንዳችሁ ብታዩ ይሻላል።

አራቱንም ፍሬቻ አንድ ላይ ማብራት ለብልሽትና ለድንገተኛ አደጋ ነው። ጃፓን ውስጥ አሽከርካሪዎች መንገድ ለለቀቀላቸው ሰው ለማመስገኛ ለአፍታ ያበሩታል፤ መልካም ልማድ ነው፣ ግን የሚሠራው ሁሉም ትርጉሙን ስለሚያውቀው ነው። ዝናብና ጭጋግ ውስጥ አራቱን አብርቶ መንዳት ግን አሳሳች ነው። ብዙ መኪና ላይ አራቱ በርተው ሳለ የማጠፊያው ፍሬቻ አይለይም፣ ኋላ ያለው ሰውም የቆማችሁ ይመስለዋል።

የእጅ ምልክት። ምስጋና ወይም ይቅርታ ከሆነ እጅ ከፍ ብሎ፣ መዳፍ ተዘርግቶ፣ ረጋ ብሎ ይታይ። በፍጥነት የሚወዛወዝ እጅ በመስታወት ውስጥ ሲታይ ስድብ ይመስላል። ጣት መቀሰርን ጨርሶ ተዉት። እግረኛን በእጅ «ተሻገር» ማለትም አደገኛ ነው፤ እናንተ ብትቆሙለት በጎን የሚመጣው መኪና ላይቆም ይችላል። ቁሙ፣ ራሱ አይቶ ይሻገር።

3. ርቀት ጠብቁ፣ የተጠጋችሁንም አትቅጡ

ከፊት ካለው መኪና ጋር ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት ይኑራችሁ። አለካኩ ቀላል ነው። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ወይም ዛፍ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ እናንተም እዚያ ከደረሳችሁ በጣም ቀርባችኋል። በዝናብ እጥፍ አድርጉት። በእንግሊዙ መመሪያ ስሌት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አሽከርካሪው አደጋውን ካየበት እስኪቆም ወደ 53 ሜትር ይጓዛል። በ112 ኪሎ ሜትር 96 ሜትር ይሆናል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ደህና ሲሆን ማለት ነው።

ተጠግቶ መንዳት ለፊተኛው ሰው ዛቻ ነው። እናንተ ምናልባት ስለ ሌላ ነገር እያሰባችሁ ይሆናል፤ እሱ ግን በመስታወቱ የሚያየው መጥቶ ሊጭንበት የደረሰ መኪና ነው።

«ርቀት ብተው ይገቡብኛል» የሚል ክርክር አለ። ይገቡ። አንድ መኪና ቢገባባችሁ የምታጡት ጥቂት ሰከንድ ነው። በተጨናነቀ መንገድ ላይ ደግሞ ርቀቱ ለሁሉም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጃፓን ሙከራ 22 መኪኖችን ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲነዱ አደረገ። መብራት የለም፣ አደጋ የለም፣ የሚገባ መኪና የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን መጨናነቅ ተፈጠረ። አንዱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከኋላው ያለው ትንሽ በዝቶ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ይቆማል። የቆመበት ቦታ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ እየሄደ ይዞራል። እኔ ይህን ሙከራ የምወደው ለብዙ ንዴት መልስ ስላለው ነው። ከፊት «ያስቆመን» የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ርቀት ጠብቆ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ ሰው ግን ማዕበሉን ያለሰልሰዋል።

እናንተን የተጠጋችሁ ሰው ካለ፣ እባካችሁ «ልምከረው» ብላችሁ ፍሬን አትርገጡ። ያ ማስተማር ሳይሆን አደጋ መጥራት ነው። ከፊታችሁ ያለውን ርቀት አስፉት፤ ድንገት ቢያስፈልግ በቀስታ መቆም ትችላላችሁ፣ ኋላ ያለውም ጊዜ ያገኛል። መንገዱ ሲፈቅድ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። አንዴ ካለፈ ከኋላችሁ አይጫንባችሁም።

4. ጠብ የሚበዛባቸውን ቦታዎች ቀድማችሁ እወቁ

ሁለት ረድፍ ወደ አንድ ሲጠብ። እዚህ ቦታ ላይ ጠቡ የሚነሳው ሁለት ዓይነት ፍትሕ ስላለ ነው። አንዱ ቀድሞ ገብቶ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሌላው ባዶውን ረድፍ ይዞ እስከ ጫፉ ይሄዳል። የተሰለፈው «ሌባ» ይለዋል። ነገር ግን መንገዱ በተጨናነቀ ጊዜ ሁለቱንም ረድፍ እስከ መጥበቢያው መጠቀምና እዚያ አንድ በአንድ እየተፈራረቁ መግባት ሰልፉን ያሳጥራል። ጀርመን ይህን በሕግ ደንግጋዋለች፤ ረድፉ የሚያልቅበት መኪና መጥበቢያው ላይ በየተራ እንዲገባ መፍቀድ ግዴታ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና አስገቡና ቀጥሉ። የእናንተ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ። ሁለተኛው ልግባ ቢል እሱን የሚያስገባው ከኋላችሁ ያለው ነው። እናንተ የምትገቡ ከሆናችሁ ደግሞ ፍጥነታችሁን ከሚሄዱት ጋር አመሳስሉ፣ ፍሬቻ አብሩ፣ ስትገቡ እጅ አንሱ።

አደባባይ። ከምትወጡበት በፊት ያለውን መውጫ ስታልፉ ወደ መውጫችሁ ፍሬቻ አብሩ። ብዙ ሰው ሲገባ ያበራል፣ ሲወጣ ይረሳል። ለመግባት የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ማወቅ የሚፈልገው መውጣታችሁን ነው።

የመኪና ማቆሚያ። ልትቆሙ ያሰባችሁበትን ቦታ አልፋችሁ ወደ ኋላ የምትገቡ ከሆነ ከሩቅ ፍሬቻ አብሩ፣ አለዚያ ኋላ ያለው ይጠጋና ሁለታችሁም ትያዛላችሁ። ሌላው ሰው ቦታውን ቀድሞ ከያዘ፣ ሂዱ። ለዚያ ቦታ የተጣላ ሰው መኪናውን እዚያው ትቶ ለመሄድም ልቡ አያርፍም።

ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ስትገናኙ ማን ወደ ኋላ ይመለስ የሚለውን በቀላሉ ወስኑት፤ መተላለፊያ የሚቀርበው ይመለስ። ዳገትና ቁልቁለት ከሆነ የአካባቢው ሕግ ቅድሚያውን ይነግራችኋል። «እኔ ቀድሜ ገባሁ» የሚለው ክርክር ሁለታችሁንም እዚያው ያቆያችኋል።

5. ሌላው ሲያጠፋ መጀመሪያ ሌላ ምክንያት ፈልጉ

አንድ መኪና ፊታችሁ ገባባችሁ። በመጀመሪያው ሰከንድ የሚመጣው ሐሳብ «ባለጌ» ነው። እሱን ማስቀረት አይቻልም። ሁለተኛውን ሐሳብ ግን መምረጥ ይቻላል። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አይቶኝ ነበር? መንገዱን ያውቀዋል? እኔ እንደዚህ አድርጌ አላውቅም?

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ይበቃል። እያንዳንዱ መኪና በመስታወት የማይታይ ጎን አለው። እዚያ ጎን ውስጥ ከነበራችሁ ያ ሰው እናንተን አልናቃችሁም፣ አላያችሁም። ሕፃን የሚያለቅስበት፣ ገና መንዳት የለመደ፣ መንገድ የጠፋው፣ ደካማ አረጋዊ፣ ሁሉም በውጭ ሲታዩ ልክ ባለጌን ይመስላሉ። እኛ ስንሳሳት ምክንያቱን እናውቀዋለን፤ የሌላው ምክንያት ግን ከመኪናው አይወጣም።

ንዴታችን ራሱ ሰው እንደሚመርጥ ማወቅም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አረንጓዴ ላይ የማይንቀሳቀስ መኪና አቁሞ ነበር፤ አንዳንዴ አዲስና ውድ፣ አንዳንዴ አሮጌ። ጥፋቱ አንድ ነው። ለአሮጌው ግን ክላክሱ ፈጥኖና በዝቶ ተነፋ። በ1995 በወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ ጣራቸው በሚከፈት መኪኖች ውስጥ ያሉ ሰዎች ጣራው ተዘግቶ ሲሆን ፈጥነው፣ አስረዝመውና ደጋግመው ክላክስ አደረጉ። ተከፍቶ ፊታቸው ሲታይ ተቆጠቡ። ቢያዩን የማናደርገውን ተሸፍነን እናደርገዋለን ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልታደርጉ ስትሉ ያ ሰው ጎረቤታችሁ ቢሆን ታደርጉት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

6. ንዴቱ ሲነሳ ከሰውነታችሁ ጀምሩ

ንዴት ከሐሳብ በፊት በሰውነት ላይ ይታያል። መሪውን ጭምቅ አድርጋችሁ ይዛችኋል። መንጋጋችሁ ገጥሟል። ትከሻችሁ ወደ ላይ ወጥቷል። እግራችሁ ነዳጁ ላይ ከብዷል። ይህን ስታዩ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ነዳጁን ልቀቁት። ፍሬን መርገጥ አያስፈልግም፤ እግራችሁን ብቻ አንሱ። መኪናው ይቀንሳል፣ ከዚያ ሰው ትርቃላችሁ። ርቀት ከሁሉ በፊት ይመጣል፤ እየተጠጋችሁት ልትረጋጉ አትችሉም። ቀጥሎ ጣቶቻችሁን ላላ አድርጉ፣ ትከሻችሁን ጣሉ። በአፍንጫ አስገብታችሁ በአፍ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ የሚወጣው ከሚገባው ይርዘም። አራት አምስት ጊዜ በቂ ነው፤ የልብ ምታችሁ ሲወርድ ይታወቃችኋል።

ከዚያ የሆነውን ድምፅ አውጥታችሁ ያለ ስድብ ተናገሩት። «ነጭ መኪና ያለ ፍሬቻ ገባ። ፍሬን ረገጥኩ። አልተጋጨንም።» እንግዳ ቢመስልም ይሠራል። ታሪኩ እዚያ ያልቃል። ስትሳደቡ ግን ታሪኩ አያልቅም፣ ይቀጣጠላል።

ለተሳፋሪ ደጋግማችሁ አታውሩት፣ ደውላችሁም አትንገሩ። በእያንዳንዱ ንግግር ንዴቱ ይታደሳል። ኋላ ወንበር ላይ ልጆች ካሉ ደግሞ መንዳት እንዴት እንደሆነ ከእናንተ እየተማሩ ነው።

ካልበረደላችሁ ደህና ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ውረዱ፣ ጥቂት ተራመዱ።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ማንንም መንገድ ላይ ለማስተማር አትሞክሩ። ተከትሎ መንገድ መዝጋት፣ ፊቱ ገብቶ ፍሬን መርገጥ፣ እኩል እየሄዱ መስኮት አውርዶ መጮህ፣ እነዚህን የሚያደርግ ሰው ሁሉ ልክ ያለው እሱ እንደሆነ ያስባል። የተጮኸበት ሰው ግን ከዚህ የሚማረው ጩኸቱን ብቻ ነው። ጥፋቱ ከባድ ከሆነ፣ ሰክሮ የሚነዳ ከመሰላችሁ፣ ሰሌዳውን ያዙና ቆማችሁ ለፖሊስ ደውሉ።

7. ያጠፋችሁት እናንተ ስትሆኑ

መዳፋችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩት፣ ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ቀጥሉ። ቶሎ ይሁን። ዓይን ለዓይን እስክትገጣጠሙ ማፍጠጥ አያስፈልግም። አንዳንድ ሰው ይቅርታ ከጠየቀ ጥፋቱን ያመነ ስለሚመስለው ፊቱን ያዞራል። ፊት ማዞር ደግሞ ከጥፋቱ በላይ ያናድዳል። ያ እጅ የጎደለውን ቃል ይተካል።

8. የተናደደ ሰው ሲከተላችሁ ወይም ሊወርድባችሁ ሲል

እዚህ ላይ ደረጃዎቹን በደንብ ያዙ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ለማሰብ ጊዜ አይኖርም።

አታፍጥጡ፣ አትመልሱ፣ አትሳቁ። ፈገግታ እንኳ እንደ ማፌዝ ሊታይ ይችላል። ፍጥነት አትጨምሩ፤ እሽቅድምድም ይሆናል። ማለፍ ከፈለገ አሳልፉት።

መከተሉን ካላቆመ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ቤታችሁን ታሳዩታላችሁ። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ሰው የበዛበትና ብርሃን ያለበት ቦታ ፈልጉ። በር ቆልፉ፣ መስኮት ዝጉ። አብሯችሁ ያለ ሰው ለፖሊስ ይደውል፣ መኪናውን፣ ቀለሙን፣ ሰሌዳውንና ያላችሁበትን ቦታ ይናገር። ብቻችሁን ከሆናችሁና መቆም የማያሰጋ ከሆነ ሰው መሀል ቆማችሁ ደውሉ።

ሰልፍ ላይ ስትቆሙ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ አስፋልቱን ሲነካ የሚታይበት ያህል ርቀት ተዉ። ይህ ሁልጊዜ ይሁን። ያ ቦታ ካለ አንድ ሰው ወርዶ ወደ እናንተ ሲመጣ መሪ አዙራችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ተጠግታችሁ ከቆማችሁ ተያዛችሁ።

ሰውየው መስኮቱን ቢያንኳኳ አትውረዱ፣ መስኮቱንም አታውርዱ። ይሳደብ። መውጫ ካላገኛችሁና በር መምታት ከጀመረ ክላክሱን ያዙት፤ ይህ ክላክስ በእውነት የሚያስፈልግበት ቦታ ነው። ዕቃ አንስታችሁ «ልጠብቀው» አትበሉ። ሁለቱም ከወረዱ የመንገድ ጠብ ሰው እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል።

9. መኪና ከተነካካ

ቁሙ። አራቱን ፍሬቻ አብሩ። ከመውረዳችሁ በፊት በጎን የሚመጣ መኪና መኖሩን እዩ። ጥቂት ተንፍሱ። ከዚያ የመጀመሪያው ቃላችሁ ጥያቄ ይሁን፤ «ደህና ነዎት? የተጎዳ ሰው አለ?» ይህን ብሎ የወረደ ሰው ላይ መጮህ ይከብዳል። «ምን ነክቶህ ነው!» ብሎ የወረደ ግን ጠቡን ራሱ ጀመረ።

የተጎዳ ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ ለአምቡላንስና ለፖሊስ ደውሉ። ከሌለ ፎቶ አንሱ፤ ሁለቱንም መኪና፣ ሰሌዳውን፣ መንገዱንና የቆሙበትን ሁኔታ። ከዚያ የአካባቢያችሁ ሕግ የሚፈቅድ ከሆነ መኪኖቹን ከመንገድ አውጡ። ስምና የኢንሹራንስ መረጃ ተለዋወጡ። ማን አጠፋ የሚለውን እዚያ ቆማችሁ አትከራከሩ። የሚወስነው ፖሊስና ኢንሹራንስ ነው፤ የሚጮኸው ሰው ያሸነፈበት የኢንሹራንስ ፋይል የለም። ሌላው ከጮኸ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ራቁ፣ «ፖሊስ እስኪመጣ እንጠብቅ» በሉና ዝም በሉ።

10. ተሳፋሪ ከሆናችሁ

ብዙ ጠብ የሚጋጋለው በተሳፋሪ ነው። «ዝም ትለዋለህ?» የሚል አንድ ቃል የበረደውን ሰው መልሶ ያነሳዋል። የሚነዳው ሰው ሲናደድ አብራችሁ አትናደዱ፣ አትገሥጹትም። «ተረጋጋ» ማለት ብዙም አይሠራም። «ይሂድ፣ እኛ አንቸኩልም» በሉት። መንገዱን ንገሩት፣ ስልኩን ተቀበሉት፣ የሚጣደፍበት ቦታ ካለ እናንተ ደውላችሁ መዘግየቱን አስታውቁለት። ፍጥነቱ ካስፈራችሁ ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ራሳችሁ ተናገሩ፤ «ፈራሁ፣ ትንሽ ቀንስልኝ»።

ሁሌ ሲነዳ የሚናደድ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ መኪና ውስጥ አታንሱበት። ከወረዳችሁ በኋላ፣ በሌላ ሰዓት፣ በረጋ መንፈስ አነጋግሩት። የት የት ቦታ ላይ እንደሚነሳበት አብራችሁ አስቡ፤ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ መታጠፊያና ተመሳሳይ ሰዓት ነው። መንገዱን ወይም የመነሻ ሰዓቱን ቀይሩት። ካልሆነ፣ ወርዶ የሚደባደብ ወይም ሰው የሚከተል ከሆነ፣ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ መሪውን ሌላ ሰው ይያዝ።